ከአንኮበር በታች ያሉ መንደሮች

በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ትውልድ አገሬ ታሪክ እንድጽፍ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ «እኔ ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ምን ልጽፍ ነው» ብዬ ነበር። ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ተቀምጬ የጻፍኩት የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ነው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ገቢ፣ ወጪ። በኋላ ግን ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የሆነውን ነገር ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔም ወደ ኋላ ላይ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ አገሩን ላሳያችሁ።

ደብረ ብርሃን ደርሶ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው መሬቱ ድንገት ያልቅበታል። ደጋው አለቀ ማለት ነው። ከፊት ያለው ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች ተራራው እንደ ደረጃ እየወረደ ይሄዳል፤ ጭጋጉ የገለጠ ቀን ደግሞ ከሁሉም በታች የአፋር ሜዳ እስከ አዋሽ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። አንኮበር የተቀመጠችው በዚህ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ስሟን ሽማግሌዎች ሲተርኩ አንኮ የምትባል የኦሮሞ ባላባት ሚስት በቦታው ነበረች፣ በሯ «የአንኮ በር» ይባል ነበር ይላሉ። በር መሆኗስ እውነት ነው፤ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ሁሉ የሚያልፈው በእርሷ ነበርና።

ከአንኮበር ሥር አይራራ የሚባለው ወንዝ ይወርዳል። በዚህ ሸለቆ ውስጥና በግራ ቀኙ ትናንሽ መንደሮች አሉ። በላይ በደጋው ገብስና ባቄላ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ አማራ ገበሬ አለ። ቁልቁል ሲወርዱ ጤፍ ይመጣል፤ ከዚያም በታች ማሽላውና ጥጡ፣ በርበሬውም። በዚያ ያሉት አርጎቦች ናቸው፤ እስላሞች፣ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች፣ ቤታቸውን በኮረብታ ራስ ላይ የሚሠሩ። በመካከልም፣ ከጫካው ጥግ ከጥግ፣ ጠቢባን የሚባሉት ብረት ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች አሉ። አንዱ የሌላውን ሳይዝ የሚኖር አልነበረም። ደገኛው ያለ አርጎባ ነጋዴ ጨው አያገኝም፤ አርጎባው ያለ ደገኛው እህል ክረምቱን አይዘልቅም፤ ሁለቱም ያለ ጠቢቡ ማረሻና ማጭድ፣ ምጣድና እንስራ የላቸውም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የጽሑፌ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንኮበርን የሸዋ መዲና ያደረጓት መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ናቸው ይባላል፤ ከዛሬ 250 ዓመት በላይ ይሆናል። ከእርሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ከዚያ ወሰን ሰገድ፣ ከ1805 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሣህለ ሥላሴ ገዙባት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ስለቆዩ ያገሩ ሰው «በደጉ ንጉሥ ጊዜ» ሲል እርሳቸውን ማለቱ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ቅዱስ ሚካኤል፣ ዙሪያውን ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት። ዐፄ ምኒልክ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። ራስ መኮንንም የተወለዱት እዚያው አንኮበር አካባቢ ጎላ፣ ደረፎ ማርያም፣ በ1844 ዓ.ም. ነው። የነገሥታቱን ታሪክ ግን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ እኔ እዚያ ላይ አልቆይም።

እኔ የምለው ስለ አልዩ አምባ ነው። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ያለች የአርጎባ ከተማ ነች። ዛሬ ያያት ሰው ትንሽ የገጠር ከተማ ናት ብሎ ያልፋታል። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ከታጁራ ባሕር የተነሣው የግመል ሲራራ በረሃውን አቋርጦ የሚገባው ወደ እርሷ ነበር። ግመል ዳገቱን አይወጣም፤ ስለዚህ ጭነቱ ከታች ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ወደ ላይ ይወጣል። ገበያዋ ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። የሐረር ሰው፣ የአፋር ሰው፣ አርጎባ፣ አማራ፣ ኦሮሞ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል፤ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ የሐረር ሸማ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ፣ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ሁሉ እዚያ ይለወጣል። ሕዝቡ እስላም ሲሆን ግብሩን የሚቀበለው ክርስቲያኑ ንጉሥ ነው። የይፋት ሱልጣኖች ዘር የሆኑት ወላስማዎች ያን በር ለሸዋ ንጉሥ ይጠብቁለት ነበር፤ ጎንቾ ላይ የነበረው የንጉሡ እስር ቤት እንኳ በእነርሱ እጅ ነበር።

እውነት የሆነውን ሁሉ ከጻፍኩ አይቀር፣ ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በሚባለው ቦታ የባሪያ ገበያ ነበረ። ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች እዚያ ተሽጠው ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር፤ ንጉሡም ከዚያ ላይ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። ልጅ ሳለሁ ስለዚያ ገበያ የነገረኝ ሰው የለም። ያወቅሁት ካረጀሁ በኋላ፣ ልጄ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያነበበ ሲተረጉምልኝ ነው። ያን ለት ራት አልበላሁም።

የፈረንጆቹ ነገር እንዲህ ነው። ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በ1831 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1833 ዓ.ም. ክረምት፣ ካፒቴን ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ መድፍና ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በዚያው በሸለቆአችን በኩል ወጣ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. 16 አንቀጽ ያለው የንግድና የወዳጅነት ውል ከንጉሡ ጋር ተዋዋለ። ውሉ ብዙ ፍሬ አላፈራም፤ ሐሪስም በ1835 ዓ.ም. ተመለሰና ስላየው ነገር ሦስት ጥራዝ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዮችም በሮሼ ዴሪኩር በኩል የራሳቸውን ውል ተዋውለዋል። ከሁሉም እኔ የምወደው ጆንስተን የተባለውን እንግሊዛዊ የመርከብ ሐኪም ነው፤ በ1834 ዓ.ም. መጥቶ፣ ታሞ፣ አልዩ አምባ ቤት ይዞ ለወራት ተቀመጠ። ሐሪስ ያየው ንጉሡን ነው፤ ጆንስተን ግን ጎረቤት ነበረው። ልዩነት አለው።

በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ያዙ፤ ልጅ ምኒልክም ተማርከው መቅደላ ሄዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሲመለሱ አንኮበር እንደገና ደራች። በ1869 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያኖች መጡ፤ ያን ጊዜ ለጦርነት አይደለም፣ ለጥናት ነው። ማርኬዝ አንቲኖሪ የሚባል ሽማግሌ፣ ወፍና አራዊት የሚሰበስብ ሰው፣ ልጥ ማረፊያ ላይ ከምኒልክ መሬት ተሰጥቶት ጣቢያ ሠራ። በነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተና ከዛፍ ሥር ተቀበረ። የጣልያን ሰው በእኛ ሸለቆ አፈር ውስጥ አለ ማለት ነው። ያገሬው ሰው ሲያወራ እንደሰማሁት፣ ወፍ አጥንቶ የሚያደርቅ ሽማግሌ ምን ሊሠራበት ነው እያለ ይስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰውየው አልተሳሳተም፤ ከዚያ ገደል ውስጥ የተገኘች ትንሽ ወፍ አለች፣ በአንኮበር ስም የተጠራች፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለችም። እኔ በልጅነቴ በወንጭፍ ስወረውርባት ኖሬ ይሆናል።

በ1879 ዓ.ም. ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው፣ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ አንኮበር ደረሰ፤ ምኒልክ ግን ሐረርን ሊይዙ ሄደው አልነበሩም። ገንዘቡን ለመቀበል እንጦጦ ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት፤ ያሰበውንም አላገኘም። ይህች ትንሽ ነገር የአንኮበርን ዕድል ትነግረናለች። ንጉሡ በአንኮበር አይገኙም፤ እንጦጦ ወጥተዋል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት ሐረር ተያዘች፣ ንግዱም መንገዱን ወደ ሐረር አዞረ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አልዩ አምባ አለቀላት። ግመሉም ሹሙም ቀሩ፤ ገበሬውና ሸማኔው ብቻ ቀረ። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ያ ገደልና ያ ጫካ እንደገና ተፈለገ፤ ራስ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸው አምስቱን ዓመት በዚያ ተራራ ላይ ሆነው ነው የተዋጉት። ከዚያ በኋላ አንኮበርን የሚፈልግ አልነበረም።

አሁን ስለ ጠቢባኑ ልናገር።

ክራፕፍም ሐሪስም ጽፈዋቸዋል። በአንኮበር ጫካ ውስጥ የራሳቸው ገዳም እንደነበራቸው፣ በእጅ ሥራ የተደነቁ እንደነበሩ፣ ሕዝቡ ግን ይፈራቸው እንደነበር። ብዙዎቹ «ከጎንደር በኩል የመጣን ቤተ እስራኤል ነን» ይላሉ፤ በውጭ ክርስቲያን ሆነው በቤታቸው ደግሞ የአባቶቻቸውን ሥርዓት የሚጠብቁም ነበሩ። አገሬው ቡዳ ይላቸዋል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ማረሻው ሲዶለዱም ግን ቀን በቀን ወደ ወናፋቸው ይሮጣል። አየህ፤ ጅብ ነው ያለውን ሰው ማረሻዬን ሳልልኝ ብሎ ይለምነዋል! ይኼ ከጠቢባን ጋር ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ በየአገሩ ስለበዛ ነው። ብረት ሠሪው፣ ሸማ ሠሪው፣ ነጋዴው፣ ሁሉ የተሰደበበት ነበር። እኛ ጸሐፊዎች እንኳ አልተረፍንም፤ የሚጽፍ ሰው ጠንቋይ ይባል ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ።

ይህን በዚህ ሠፈር ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ባለቤቴ እንኳ ያወቀችው ከተጋባን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። አያቴ አፈሩን ከወንዝ ዳር ቆፍረው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ የተሰበረ ገል ፈጭተው ቀላቅለው በእግራቸው ይረግጡት ነበር። መንኮራኩር የሚባል ነገር የላቸውም፤ በእጃቸው እያዞሩ፣ በድንጋይ እያለሰለሱ ጀበናውን ያወጡታል። ከዚያ በደረቅ ኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። ከአሥር ሁለቱ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን መልሰው ይፈጩታል። ለገበያ ቀን ጭድ እየጠቀጠቁ ያስሩና በጀርባቸው አዝለው ይወርዳሉ፤ እኔ ከኋላ ትንንሾቹን ድስቶች እይዝላቸው ነበር። በመንገድ ላይ የደጋ ሴቶች ይገዙናል፤ ሆኖም ውሃ ስንጠይቅ በቅል አይሰጡንም፣ በእጃችን ላይ ያፈሱልናል። ታች ስንደርስ አንዲት አርጎባ ሴት ነበሩ፤ የእርሳቸው ቤት አያቴ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ፣ በስኒ፣ እንደ ሰው። ለምን እዚያ እንደሚቀመጡና ሌላ ቤት እንደማይቀመጡ ያኔ አልገባኝም።

አባቴ የገበሬ ልጅ ነው። እናቴን ሲያገባ ዘመዶቹ ተቆጥተው ነበር። እኔን ለትምህርት ወደ አጎቴ ሲልከኝ፣ በሩ ላይ አስቁሞ «የእናትህን ወገን አታንሣ፤ የጠየቀህ እንደሆነ የገበሬ ልጅ ነኝ በል» አለኝ። እኔም አልኩ። አዲስ አበባ ገብቼም ያንኑ አልኩ፤ ሥራ ስቀጠርም፣ ሚስት ሳገባም፣ የዚህ ዕድር አባል ስሆንም። ውሸት አይደለም እኮ፤ ግማሹ ነው።

አያቴ ሲሞቱ እኔ አልነበርኩም። እናቴ እንደነገረችኝ የደጋው ቅሬ ሰዎች አልመጡም። በእኛ አገር ዕድር አይባልም፣ ቅሬ ነው የሚባለው። አንዱ «ልጄ ታሟል» አለ፣ ሌላው «በሬ ጠፍቶብኛል» አለ። መቃብሩን የቆፈሩት ከታች ዳገቱን ወጥተው የመጡ አርጎቦች ናቸው፤ የዚያች ቡና የሚያጠጡ ሴትዮ ልጆች። ቆፍረው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው፣ እስኪቀበሩ ድረስ ጠብቀው ሄዱ። እህል እንኳ አልቀመሱም፤ ጾም ላይ ነበሩ።

አሁን ወደ ጉባኤያችን ልመለስ። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን፣ መንገድ ዳር ጀበናና ምጣድ የሚሸጡት፣ አባል ለመሆን ማመልከቻ አስገቡ። መዋጮውንም አዘጋጅተው ነበር። ማመልከቻው ሲነበብ ከኋላ ወንበር ማንሾካሾክ ተነሣ። አንድ ሰው «የራሳቸው ዕድር የላቸውም ወይ» አለ። ሌላው ሳቀ። የተቃወመ የለም፣ የደገፈም የለም። ሊቀመንበሩም ነገሩ እንዳይካረር ብለው «ለጥናት ይተላለፍ» አሉ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ማመልከቻው ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል» ብዬ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ አሥምሬ ፈረምኩበት። መጻፍ የለመደ እጅ ነው፤ አልተንቀጠቀጠም።

ከአራት ወር በኋላ የሴትዮዋ እናት ሞቱ። ድንኳናችን መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ሳለ እርሳቸው ድንኳን ተከራዩ። ወንበሩን ጎረምሶች ከየቤቱ ለቅመው አመጡ። ከእኛ አባሎች በግል የሄዱ አሉ፤ አሥራ አንድ ሰው ቆጥሬአለሁ፣ የመዝገብ ቤት ልማድ ነው። እኔም ሄድኩ። በሩ ላይ «እግዜር ያጽናዎት» ስላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጋሼ፣ መጡልኝ» አሉኝ። መጥቼላቸው ሞቼአለሁ!

ከዚያ በኋላ ነው ወደ አገሬ የሄድኩት፤ ስንት ዘመን ረግጬው የማላውቀውን። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ከድሮው የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው፤ በዚያው ላይ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ መብራት አለው፣ መኪናም ይገባል። በአልዩ አምባ በኩል የአርጎብኛ ቋንቋ የሚናገር አላገኘሁም፤ ሽማግሌዎቹም አማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ቋንቋው እንደ ሾንኬ ባሉ ራቅ ያሉ ቦታዎች ነው የቀረው አሉኝ። የቡናይቱን ሴትዮ የልጅ ልጅ ግን አገኘሁ፤ ሸማኔ ነው። የአያቴን ስም ስጠራለት ወደ ጓዳ ገባና አንድ ጀበና ይዞ ወጣ። ጆሮው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። «ይቺን አንሰጥም፤ ልናሳይህ ነው እንጂ» አለኝ። ቡና በእርሷ አፈላልኝ።

የአያቴን መቃብር ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። ድንጋይ ብቻ ነው ያለው፤ ጽሑፍ የለውም። የመራኝ ያው ሸማኔ ነው፤ አባቱ ቦታውን አሳይቶት ነበር።

የሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ከዚህ መጽሔት ጋር ታድሏችኋል። የጎረቤታችን ማመልከቻ በተራ ቁጥር 3 ላይ ይገኛል። ደንባችን አንቀጽ ላይ አዲስ አባል አንድ ነባር አባል ዋስ ሊሆነው ይገባል ይላል፤ ባለፈው ጊዜ ያ ቦታ ባዶ ነበር። አሁን ፈርሜበታለሁ። ከስሜ ቀጥሎ ዋሱ ከአመልካቿ ጋር ያለውን ዝምድና በሚጠይቀው መስመር ላይ «ወገን» ብዬ ጽፌአለሁ።